ነጋዴ ጭንቁን ለማን ይንገር? በኤምቢኤ ተመራቂዎች የምሥጢር ቡድን ውስጥ ያየሁት

እዚህ የምጽፈው የራሴን ነው። በወር አንዴ ተገናኝተን ጭንቃችንን በምሥጢር የምንነጋገርበት የቡድናችን የመጀመሪያ ሕግ የሌላውን ታሪክ ከክፍሉ ማስወጣት ስለሚከለክል የጓደኞቼን ስም፣ ሥራም ሆነ ሰፈር አታገኙም። ስለ ደንባችንና ስለ አንድ ደስ የማይል አጋጣሚ ለመጻፍ ግን የሚመለከታቸውን ሁሉ አስፈቅጃለሁ። ለመጻፍ ያነሣሣኝ ከእኔ በኋላ የተመረቁ ልጆች እየደወሉ «ቡድን አላችሁ አሉ፣ እንዴት ነው የሚገባው?» ማለታቸው ነው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከምደግመው አንዴ ልጻፈው አልኩ።

ማተሚያ ቤት አለኝ። ኤምቢኤዬን፣ ማለትም የንግድ ሥራ አመራር ሁለተኛ ዲግሪዬን፣ የያዝኩት ቀን እየሠራሁ ማታ እየተማርኩ ነው። ትምህርቱ ጠቅሞኛል። ካሽ ፍሎው (የገንዘብ ገቢና ወጪ ስሌት) መሥራት፣ ዋጋ ማውጣት፣ ከባንክ ሰው ጋር በራሱ ቋንቋ መነጋገር የቻልኩት በእሱ ነው። ቁጥሩ ሲበላሽ ከማን ጋር ቁጭ ብዬ እንደማየው ግን አላስተማረኝም።

ነገሩ የጀመረው በ2015 መጨረሻ ነው። ብሔራዊ ባንክ በዚያ ነሐሴ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ሲወስን፣ በየዓመቱ ያለ ብዙ ጥያቄ ይታደስልኝ የነበረው ኦቨርድራፍት፣ ሂሳቤ ላይ ካለው በላይ የማወጣበት የባንክ ብድር፣ «ትንሽ ጠብቂ» ሆነ። የተዋዋልኩት ሥራ ግን የሚጠብቅ አልነበረም። ስለዚህ ወረቀቱን ከፊሉን ከውጭ አቅራቢ በዶላር ዱቤ፣ ከፊሉን ደግሞ ከመርካቶ አከፋፋዮች ወደፊት ቀን በተጻፈበት ቼክ ወሰድኩ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ሥራውን አትሜ አስረክቤያለሁ፤ ደንበኞቼ የሚከፍሉኝ በውሉ ዋጋ፣ በብር ነው፤ ዕዳዬ ግን እኔ ተኝቼ ሳለ እንኳ ያድራል፣ ይጨምራል።

ነጋዴ ያልሆነ ሰው «ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?» ይላል። ቼክ በእኛ ሕግ ባንክ ሲቀርብ ወዲያው የሚከፈል ሰነድ ነው። ፊቱ ላይ የዛሬ ሦስት ወር ቀን ቢጻፍበትም ያዡ ነገ ጠዋት ይዞት ቢሄድ ለክፍያ ይቀርባል፤ ሂሳቡ ባዶ ከሆነ ይመለሳል፤ ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት ደግሞ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ያስከስሳል። የቼኩ ያዥ እስከ ቀኑ የሚታገሠው ስለ እኔ ክፉ ወሬ እስካልሰማ ድረስ ነው። «እሷ እኮ ከብዷታል» የምትል አንዲት ቃል መርካቶ ከገባች ሁሉም በአንድ ጠዋት ባንክ ይሰለፋል፤ ያኔ ልተርፍ የምችለውም አልተርፍም። ስለዚህ ዝም ያልኩት አስቤበት ነው። አሁንም ለማንም «ችግርህን በአደባባይ ተናገር» ብዬ አልመክርም።

ከአደባባይ መለስ ያለ ቦታ ደግሞ የለኝም ነበር። እድር የሚደርሰው ሰው ሲሞት ነው። እቁባችን ውስጥ ደግሞ ከብዶኛል ካልኩ ዕጣ ሲወጣልኝ ዋስ የሚሆነኝ አላገኝም። የንስሐ አባቴ ምሥጢር ይጠብቃሉ፤ ግን ስለ ኦቨርድራፍት ምን ብዬ ላስረዳቸው? ሽማግሌ የሚጠራው ጠብ ሲኖር ነው፣ እኔ ደግሞ ከማንም አልተጣላሁም። አብረን የተመረቅነው የባቻችን ልጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ «እንኳን ደስ አለህ፣ ዳይሬክተር ሆንክ!» ይጎርፋል፤ እኔም እኩል እያጨበጨብኩ አበባ እልካለሁ። ባለቤቴ እንቅልፍ እንደሌለኝ ያያል፣ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እለዋለሁ።

አንድ የባቻችን ልጅ ደውሎ «ቡና እንጠጣ» አለኝ። ቡናው ላይ ብዙ አላወራም። «ጥቂት ተመራቂዎች በወር አንዴ እየተገናኘን ሥራችንንም ቤታችንንም እንነጋገራለን። እነማን እንደሆኑ አልነግርሽም። እነሱም ስምሽን ሰምተው ካልተስማሙ አትገቢም፤ ካልገባሽም ይህን ቡና አልጠጣንም» አለኝ። ይህ አነጋገሩ ነው የሳበኝ። ስም ዘርዝሮ ሊያማልለኝ ቢሞክር ኖሮ የእኔንም ስም ነገ ለሌላው እንደሚዘረዝር አውቅ ነበርና ተነሥቼ እሄድ ነበር።

ቀጥሎ ሁለት አባላት አነጋገሩኝ። የትርፍ መጠኔንም ሆነ የድርጅቴን ስፋት አልጠየቁኝም። ከማን ጋር ትወዳደሪያለሽ? ለማን ትሸጫለሽ? የየትኛው ባንክ ደንበኛ ነሽ? የቅርብ ዘመድሽ የት ይሠራል? በወሩ የመጨረሻ ቅዳሜ ጠዋት ሁሌ ነፃ ነሽ? የመጨረሻዋ ጥያቄ ቀላል ትመስላለች። አንድ ሰው የሆዱን የሚናገረው ባለፈው ወር ያያቸው ፊቶች ዛሬም ካሉ ነው፤ ስለዚህ በዓመት ከሁለቴ በላይ ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው ይሰናበታል። መጀመሪያ ስሰማው እንደ ተማሪ ቤት መስሎኝ ነበር።

አሠራሩ የእኛ ፈጠራ አይደለም። ዋይፒኦ የሚባለውን የወጣት ኩባንያ ኃላፊዎች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1950 በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት ሮቸስተር ከተማ ሬይ ሂኮክ የተባለ ሰው እንደመሠረተው ይታወቃል። አባቱ ሞተው ድርጅቱን የመምራት ኃላፊነት በወጣትነቱ የወደቀበት ሰው ነበር። በኋላ አባላቱ በትናንሽ ቡድን እየሆኑ በምሥጢር መነጋገር ጀመሩ፣ «ፎረም» አሉት። እ.ኤ.አ. በ1987 የተመሠረተው የሥራ ፈጣሪዎቹ ማኅበር ኢኦም ይህንኑ ይጠቀማል፤ የንግድ ትምህርት ቤት ተመራቂዎችም በየአገሩ ቀድተውታል። ከእኔ በፊት የገቡት ስለዚህ አሠራር የተጻፈውን አምጥተው አነበቡ፣ ለአዲስ አበባ የማይሆነውን አወጡ።

ለምሳሌ አንድ አባል ከለንደኑ የጥናት ተቋም ከቻተም ሐውስ የእ.ኤ.አ. 1927 ደንብ እንነሣ ብሎ ነበር አሉ። ያ ደንብ የተባለውን መናገር ትችላለህ፣ ማን እንዳለው ግን አትናገርም ይላል። እዚህ አይሠራም። «አንዲት ማተሚያ ቤት ያላት ሴት ሁለት ቀለም ማሽኗን ልትሸጥ ነው» ካልክ ስሜን ባትጠራም ነገ ጠዋት ፒያሳ ያለ ማተሚያ ቤት ሁሉ እኔ መሆኔን ያውቃል። ስለዚህ የኛ ደንብ ፍጹም ነው፤ ለማንም፣ ምንም፣ መቼም። ለባል፣ ለሚስትም ጭምር። የክፍሉን ወሬ ከክፍሉ ውጭ እርስ በርሳችንም አናነሣም፤ መንገድ ላይ ስንገናኝ «ያ ነገርሽ እንዴት ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው።

ስብሰባው እንዲህ ነው። በር ላይ ዘንቢል አለ፣ ስልክ ተዘግቶ እዚያ ይገባል። ስምንት ሰው ክብ ይቀመጣል። እያንዳንዱ አምስት ደቂቃ አለው፤ ስለ ሥራው፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ራሱ ይናገራል። «ደኅና ነው፣ ተመስገን» አይፈቀድም። ያ ለሌላው ጊዜያችን ሁሉ የሚሆን መልስ ነው፤ እዚያ የሚፈለገው ለማንም የማትናገረው ጥቂቱ ነው። ከዚያ የዕለቱ ባለተራ ጉዳዩን ያቀርባል። የሚቀጥለው የጥያቄ ጊዜ ነው፣ አስተያየት የለም። በመጨረሻ እያንዳንዱ ከራሱ ኑሮ የሚመሳሰለውን ይናገራል።

እዚህ ላይ ከሁሉም የሚከብደው ደንብ አለ፤ ምክር የለም። «አንቺ ማድረግ ያለብሽ…» ብሎ የጀመረን ሰው አወያዩ እጁን አንሥቶ ያስቆመዋል። «እኔ እንዲህ ደርሶብኝ እንዲህ አድርጌ ነበር፣ ውጤቱ ይህ ሆነ» ብቻ ነው የሚባለው። ተሞክሮ ከሌለህ «የለኝም» ብለህ ታልፋለህ። ከቡድኑ ታላቁ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ይህን ደንብ ለመልመድ ዓመት ያህል እንደፈጀባቸው ራሳቸው ያወራሉ። ዕድሜ ልካቸውን ሰው ምከሩን ሲላቸው የኖሩ ናቸው። «ዝም ብዬ የራሴን ስናገር ራሴን አገኘሁት፤ ያን ጊዜ ያልከፈልኩት ዕዳ ትዝ አለኝ» ብለው አሳቁን። ይህን እንድጽፈው ፈቅደውልኛል።

መጀመሪያ አካባቢ እኔ የማቀርበው የሠራተኛ ጉዳይ፣ የልጄን ትምህርት ቤት፣ እንዲህ ያለውን ነበር። ማንም አልገፋኝም፤ እናንተም አዲስ የገባን ሰው አትግፉ። ሌሎች የራሳቸውን ሲያወጡ እያየሁ፣ ያወጡት ነገር በሚቀጥለው ወር የትም እንዳልተሰማ እያረጋገጥኩ ቆየሁ። በመጨረሻ ተራዬን ጠየቅሁ።

ከማቅረቤ በፊት ከአንድ አባል ጋር ተቀምጬ ተዘጋጀሁ። ይህ ደንብ ነው፣ እንዳይዘለል፤ ያለ እሱ ሰው ግማሹን ሰዓት በመግቢያ ይጨርሰዋል። አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ዕዳዬን ጻፍኩ፤ ለማን፣ ስንት፣ በምን ገንዘብ፣ ቼኩ የተጻፈበት ቀን፣ ዋስትናው። እስከዚያ ቀን ድረስ ሁሉንም በአንድ ገጽ ጽፌው አላውቅም። ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ድምር ወረቀቱ ላይ ካለው ይበልጥ ነበር፤ አንዱን ዕዳ ሁለት ጊዜ እየደመርኩ ስፈራ ከርሜያለሁ።

ቅዳሜ ወረቀቱን አስቀምጬ አነበብኩት። ጥያቄ መጣ። «የቅርቡ ቼክ ማን እጅ ነው ያለው?» «ሰውየውን ለስንት ዓመት ታውቂዋለሽ?» «ለዶላሩ ዕዳ የተጻፈ ውል አለ?» «ያልሠራሽው ግን ቅድሚያ ክፍያ የወሰድሽበት ሥራ አለ?» ከዚያ አንዷ ቀስ ብላ «ባለቤትሽ ያውቃል?» አለች። መልስ አልሰጠሁም። ማንም ዝምታውን ለመሙላት አልሞከረም፤ አወያዩም ሰዓቱን አላየም።

ከተነገሩኝ ተሞክሮዎች አንዱ ቼክ ቀኑ ከመድረሱ በፊት ያዡ ዘንድ ሄዶ እውነቱን ስለተናገረ ሰው ነበር። ሌላው ሳይናገር ጠብቆ የደረሰበትን አወጋ። ሂጂም አትሂጂም ያለኝ የለም።

በሚቀጥለው ሳምንት መርካቶ ቼኬን ከያዙት የወረቀት አከፋፋዮች አንዱ፣ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። ሱቁ ሰው ሳይበዛበት፣ ገና የወረቀት ሪሞቹን ከመጋዘን ሲያወጡ ደረስኩ። «ሐጂ፣ የእርስዎ ቼክ ቀኑ ሲደርስ ሂሳቤ ላይ ገንዘብ አይኖርም። መክፈል ግን እከፍላለሁ፤ እንዴት እንደምከፍል ጽፌ መጥቻለሁ» አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ወረቀቱን አቅርበው አዩት። «የሌላው ሰው ስልኩ ሲዘጋ ነው የማውቀው። አንቺ በእግርሽ መጥተሻል» አሉኝ። ትንሽ እጅ በእጅ ጠየቁ፣ የቀረውን ከፋፈልነው። እንዲህ ለምታደርጉ አንድ ማሳሰቢያ፦ አዲስ ቼክ ስትጽፉ አሮጌውን በእጃችሁ ተቀበሉ። «በኋላ እልክልሻለሁ» የተባለ ቼክ ሁለት ዕዳ ነው። ስምምነቱንም፣ ምንም ብትተማመኑ፣ ሁለታችሁ የፈረማችሁበት ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ሁሉም እንደ ሐጂ አልሆነም። አንዱ አበዳሪ አሻፈረኝ አለ፤ ለእሱ ሃይደልበርግ የሚባለውን የማተሚያ ማሽኔን ሸጬ ከፈልኩ። ከደንበኞቼ መካከል የዋጋ ማስተካከያ የፈቀዱልኝ አሉ፣ ውሉን ብቻ ያሳዩኝም አሉ። የዶላሩ ዕዳ ረጅም ጊዜ ወሰደ። ለባለቤቴ የነገርኩት በዚያው ሰሞን ነው። ረጅም ንግግር አዘጋጅቼ ነበር፤ እሱ ግን አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ «ቤቱ ተይዟል?» አልተያዘም ነበር። ከዚያ በኋላ ዕዳውን አብረን አየነው፤ እንቅልፍም ተመለሰልኝ።

አሁን ወዳልኳችሁ ደስ የማይል አጋጣሚ። አንድ ሰርግ ላይ የአንዱ አባል ባለቤት እጄን ይዛ፣ ከልቧ አዝና፣ «ማሽንሽን ሸጥሽ አሉ፤ እግዚአብሔር ይካስሽ» አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ሌላ ሰው ነበር። ደግነቷ አላጠራጠረኝም፣ እግሬ ግን ከዳኝ። ደንባችን እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ ለራሱ ለሰውየው ንገር ይላልና ደወልኩለት። አልካደም። ከስብሰባ ሲመለስ መኪና ውስጥ ነግሯታል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ራሱ ተነሥቶ ተናገረ።

ይህ ሰው ክፉ ሰው አልነበረም። ለእኔ የጠቀመኝን ተሞክሮ ከነገሩኝ አንዱ ነው። «ለሚስት መንገር ምን አለው፣ አንድ አካል ናቸው» ያለ አባልም ነበር። እኔ ይውጣ አልኩ። ይቅርታ አድርጌለታለሁ፣ ዛሬም እንጠያየቃለን፤ ግን እሱ ክፍሉ ውስጥ እስካለ ድረስ ማንም ኤ4 ወረቀቱን እንደማያወጣ አውቅ ነበር፣ ከሁሉ በፊት እኔ። ወጣ። ክፍተቱን ያየነው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሚስቱ እንዲህ ያለ ደንብ መኖሩን አልሰማችም ነበር። አሁን አንድ ሰው ሲገባ መጀመሪያ የሚያደርገው ለትዳር አጋሩ «በወር አንድ ጠዋት የምሰማውን አልነግርሽም፣ እንዳትጠይቂኝ» ማለት ነው። ይህን ለማለት የማይደፍር ሰው ባይገባ ይሻላል።

ሌላ ያየነውን ላካፍላችሁ። መጀመሪያ የሚሰበሰቡት ቦሌ ካፌ ውስጥ ነበር አሉ፤ አስተናጋጁ ቡና ሊያቀርብ በመጣ ቁጥር ሰው ቃሉን ይውጠዋል። የአንዱ አባል ቢሮም አይሆንም፤ የቢሮው ባለቤት ጸሐፊው እየሰማች ስለ ራሱ አይናገርም። በር ያለው ክፍል ተከራዩ፤ ኪራዩን ለስምንት ስትካፈሉት አይከብድም። ቴሌግራም ላይ ቀንና ሰዓት ብቻ ይጻፍ። በአንድ ዘርፍ ያሉ ሁለት ሰዎች፣ አበዳሪና ተበዳሪ፣ አለቃና ምንዝር አይግቡ። በአባላት መካከል ገንዘብ መበዳደር እኛ ጋ ክልክል ነው። ይህ ለኛ ሰው ይከብደዋል፤ ጓደኛህ ሲጨነቅ እያየህ እጅህን መሰብሰብ ጭካኔ ይመስላል። ግን ያበደርኩት ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለ ኑሮው እውነቱን አይነግረኝም፣ የዕረፍት ጉዞ መሄዱንም ይደብቀኛል።

አዲስ ገቢዎች የማያስቡት አንድ ነገር አለ። ምሥጢር ለመጠበቅ የፈረምነው ወረቀት ቃል ኪዳን ነው፣ የጠበቃ ምሥጢር አይደለም። ሕግ ለጠበቃ፣ ለሐኪም፣ ለካህን የሚሰጠው የሙያ ምሥጢር ለጓደኛሞች አልተሰጠም፤ ፍርድ ቤት ምስክር ብሎ ከጠራን እንናገራለን። ክስ ሊያስከትል የሚችል ነገር ያለበት ሰው አስቀድሞ ጠበቃውን ያነጋግር፣ ለቡድኑ የሚያቀርበው ከዚያ የተረፈውን ነው። እንደዚሁ ቡድኑ ሕክምና አይደለም። እንቅልፍና ምግብ ለሳምንታት የጠፋበት፣ መኖር የሰለቸው ሰው ወሩ መጨረሻ ድረስ አይጠብቅ፤ ያኔውኑ ለሰው ይንገር፣ ሐኪም ይይ። «አማኑኤል» የሚለው ስም ብዙዎቻችንን ያስፈራናል፤ የአእምሮ ሐኪም ግን ሌሎች ሆስፒታሎች ውስጥም አለ፣ ማንም ሳያይህ ገብተህ መውጣት ትችላለህ።

ለሴቶች ደግሞ ለብቻ፦ ስገባ ከስምንቱ አባላት ሴቶቹ ሁለት ብቻ ነበርን። የመጀመሪያዎቹ ወራት ስለ ቤት ስናወራ ወንዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ዝም ይሉ ነበር፣ የልጅ ሞግዚት ጉዳይ የእኛ የሁለታችን ርእስ መሰላቸው። አወያይነቱ ተራ ለሁለታችን ከደረሰ በኋላ ነው የተለወጠው። ብቻችሁን ከሆናችሁ አትግቡ ብል ይቀለኛል፤ ሁለተኛ ሴት እስክትገኝ ጠይቁ።

የእኛ ቡድን ሞልቷል፤ ስለዚህ የምትደውሉልኝ ልጆች የራሳችሁን ጀምሩ። ባቻችሁ ውስጥ ስድስት ሰው ይበቃል። የመጀመሪያውን ቅዳሜ ደንብ ብቻ ተነጋገሩ፤ ምን ከክፍሉ እንደማይወጣ፣ ሲወጣ ምን እንደሚደረግ፣ ማን መቼ እንደሚሰናበት ጽፋችሁ ፈርሙ፣ ማንም ጉዳይ አያቅርብ። አወያይነቱ በዓመት ይዙር። በሁለተኛው ቅዳሜ ደግሞ ሰዎቹን የሰበሰበው ሰው ራሱ የመጀመሪያውን ጉዳይ ያቅርብ፤ ቀለል ያለውን ሳይሆን ቤቱ ያላወራውን።